ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሐዘንተኛ

እህቴ፣ ድካምሽን አውቃለሁና ብዙ አላቆይሽም። ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠሽ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለሽ ትወጫለሽ፤ ከድንኳኑ ጀርባ የሚባለውን ግን አትሰሚም። አንድ ቀን የተባለውን እንዳለ ልንገርሽ።

(የሰፈሩን የሴቶች እድር አስራ ስምንት ዓመት በሰብሳቢነት የመራችው እትዬ በላይነሽ፣ ባሏን ልሳነወርቅን በቀበረች ማግስት ረፋዱ ላይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከድንኳኑ ጀርባ ምስር ወጥ ታማስላለች፤ ከሁለት ወር በፊት ሰብሳቢነቱን የተረከበቻት ውድነሽ ማማሰያውን ልትቀበላት መጥታለች።)

ውድነሽ፦ ማማሰያውን ይስጡኝ እትዬ በላይነሽ።

በላይነሽ፦ ያርራል።

ውድነሽ፦ ይረር።

በላይነሽ፦ ይረር ትላለች ሰብሳቢ! እኔ እያለሁ ከዚህ እድር ድስት ያረረ ወጥ የበላ ሰው አለ?

ውድነሽ፦ የለም። እኔ የምልዎ እሱን አይደለም። ድንኳን ውስጥ ሰው እየጠየቀ ነው። ሐዘንተኛዋ የት አለች ይላል። ምን ልበል?

በላይነሽ፦ ማድ ቤት ናት በያቸው።

ውድነሽ፦ ሐዘንተኛ ማድ ቤት ምን ትሠራለች?

በላይነሽ፦ ወጥ።

ውድነሽ፦ ኧረ እትዬ! በማርያም!

በላይነሽ፦ በማርያም አትበይኝ፣ እጄ ሥራ ይዟል። ይልቅ አግዳሚዎቹን ወደ ፀሐይ ማን አዞራቸው? ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የተቀመጡት። የሚያለቅሱ መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር።

ውድነሽ፦ እኔ ነኝ ያዞርኳቸው። በዛ በኩል ትናንት ማታ ውሃ ገብቶበት ጭቃ ሆኗል።

በላይነሽ፦ ቦዩን ማስደፈን ነዋ።

ውድነሽ፦ አስደፍኛለሁ። እስኪደርቅ ነው።

በላይነሽ፦ እ... እሱስ ደህና አድርገሻል።

ውድነሽ፦ እስቲ ልቅመሰው። ወይኔ! እትዬ፣ ጨው ጨምረዋል?

በላይነሽ፦ ታዲያ አልጫ ላብላቸው?

ውድነሽ፦ እኔም ጨምሬ ነበር እኮ።

በላይነሽ፦ መቼ?

ውድነሽ፦ ቅድም፣ እርስዎ ውሃ ሊያስቀዱ ሲወጡ።

በላይነሽ፦ ስትጨምሪ አትናገሪም እንዴ?

ውድነሽ፦ ለማን ነው የምናገረው? ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ ብዬ እኮ ነው።

በላይነሽ፦ እንዲያ ነው እንዴ።

ውድነሽ፦ ተቀየሙኝ?

በላይነሽ፦ የምን ቅያሜ። እውነትሽን ነው። ድንች ላጥ ላጥ አድርገሽ ክተቺበት፣ ጨዉን ይመጠዋል። ወይም ተይው፣ እንደፈለግሽ አድርጊው። አንቺ ታውቂያለሽ።

ውድነሽ፦ ድንቹ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አስመጣለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውለዋል? እኔ ሰሃኑን አውጡ ስላቸው ሴቶቹ መጀመሪያ እርስዎን ነው የሚያዩት። እርስዎ ራስዎን ነቅነቅ ሲያደርጉ ነው የሚነሱት። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። እኔ መሃል ላይ ቆሜ እንደ በግ እጮሃለሁ።

በላይነሽ፦ ልምድ ነው፤ ይለቃቸዋል።

ውድነሽ፦ እርስዎንስ መቼ ነው የሚለቅዎ?

በላይነሽ፦ እኔማ ለቅቄያለሁ። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ በጭብጨባ ነው የለቀቅሁት። ጋቢ አልብሳችሁኛል። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን፣ ፍራሹን አንድ ሳይቀር አስረክቤሻለሁ። ምን የቀረ ነገር አለ?

ውድነሽ፦ እርስዎ ነዎት የቀሩት። ከዕቃው ጋር ተቀላቅለው።

በላይነሽ፦ ምነው ምላስሽ እንዲህ ሰላ! ሲመርጡሽ ዝምተኛ ናት ተብሎ ነበር።

ውድነሽ፦ እርስዎ ነዎት እኮ እሷ ትሁን ያሉት።

በላይነሽ፦ በቁሜ ትቆጪኛለሽ ብዬ መሰለሽ?

ውድነሽ፦ ባልቆጣዎት ደስ ባለኝ። ግን ማን ይቆጣዎት? ሁሉም ይፈራዎታል። ባለፈው እንኳ ጸበል ልጠጣ ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ሰልፉን ሲያሲዙ ነው አሉ የዋሉት።

በላይነሽ፦ ማን ነገረሽ?

ውድነሽ፦ ሰልፍ የያዙት ናቸው።

በላይነሽ፦ ይጋፉ ነበራ! አንዷ ነፍሰ ጡር መሃል ገብታ ሲገፏት እያየሁ ዝም ልበል?

ውድነሽ፦ እርስዎስ ጠጡ?

በላይነሽ፦ ምኑን?

ውድነሽ፦ ጸበሉን።

በላይነሽ፦ ሰልፉ ሲያልቅ እሱም አለቀ።

ውድነሽ፦ አየሽ... ይቅርታ፣ አዩ?

በላይነሽ፦ አየሁ፣ አየሁ። ያንን ሽንኩርት አቀብይኝ።

ውድነሽ፦ አላቀብልም። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ያስታውሳሉ?

በላይነሽ፦ እሱን አታንሺብኝ።

ውድነሽ፦ ሰው ሁሉ ሰምቷል እኮ።

በላይነሽ፦ አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ውድነሽ፦ ፍትሐቱ አልቆ አባ ቤተሰብ ይቅረብ ሲሉ፣ እርስዎ ከሕዝቡ መሃል...

በላይነሽ፦ አውቃለሁ አልኩሽ።

ውድነሽ፦ "የሟች ባለቤት የት አሉ? መንገድ ልቀቁላቸው!" ብለው ተጣሩ።

በላይነሽ፦ መንገዱንም ለቀቁ።

ውድነሽ፦ ለቀቁ። በመንገዱ ግን ማንም አላለፈም። ኤርሚያስ ነው መጥቶ እጅዎን የያዘው።

በላይነሽ፦ ልጄ ዓይኑ ደም መስሎ "እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ" አለኝ። ስንቱ ቀብር ላይ እንዲያ ብዬ ተጣርቻለሁ መሰለሽ። ስጣራ ሁልጊዜ አንዲት ሴት በሰው ተደግፋ ትመጣለች። ትናንትም ተጣራሁና ዞር ዞር ብዬ ፈለግኋት። እውነቴን ነው ውድነሽ፣ አጥብቄ ፈለግኋት። ምነው ዘገየች ብዬ ተናደድኩባትም።

ውድነሽ፦ እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በላይነሽ፦ አንዳንዶቹ ግን ሳቁ።

ውድነሽ፦ ማን ነው የሳቀው?

በላይነሽ፦ ይሳቁ። እኔም በሌላ ሰው ባየው እስቅ ነበር። ልሳነወርቅ ቢሰማ ደግሞ ከሁሉም በላይ እሱ ይስቅ ነበር። ሌላም አለልሽ፤ አባ "ገብረ ኢየሱስ" እያሉ ሲያነሱት፣ ሌላም ሬሳ አለ እንዴ ብዬ አጠገቤ ያለችውን ጠይቄያታለሁ። ሰው ሁሉ ልሳነወርቅ ሹፌሩ ነው የሚለው። ገብረ ኢየሱስን ማን ያውቀዋል?

ውድነሽ፦ እግዚአብሔር ያውቀዋል። በክርስትና ስማቸው ነው የጠራቸው። ሹፌሩ ና አላላቸውም።

በላይነሽ፦ ስብከትም ጀመርሽ ደግሞ።

ውድነሽ፦ የእርስዎ የክርስትና ስም ማን ነው?

በላይነሽ፦ ምን ያደርግልሻል?

ውድነሽ፦ ይንገሩኛ።

በላይነሽ፦ ወለተ ሰንበት።

ውድነሽ፦ ብቻ? "ወለተ ሰንበት ሰብሳቢ" አይልም?

በላይነሽ፦ ሂጂ ከዚህ! አንቺ ልጅ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?

ውድነሽ፦ ምንም አልበላሁም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቁጭ ብዬ አልበላሁም። ልጆቼ ጎረቤት ነው የሚያድሩት።

በላይነሽ፦ ጎረቤት? ባልሽስ?

ውድነሽ፦ እሱማ እድሩን ነው ወይስ እኔን ያገባሽው ይለኛል።

በላይነሽ፦ እንዲያ አለሽ? በሁለት ወር? የኔው እንኳ ሦስት ዓመት ታግሶ ነው ያለኝ።

ውድነሽ፦ ምን አሉት ታዲያ?

በላይነሽ፦ ምን እላለሁ፣ ነጠላዬን አስሬ ወጣሁ። ስሚኝ ውድነሽ። ይሄን ሰብሳቢ ለሰብሳቢ ነው የምነግርሽ። ስትወጪ ነጠላሽን እሰሪ፣ ሩጪ፣ ተቆጪ፣ አስተናግጂ፣ ሥራው ነው። ቤትሽ ስትገቢ ግን በር ላይ ፍቺው። እኔ እንዳሰርኩት ነው የምተኛው የነበረው።

ውድነሽ፦ ዛሬስ?

በላይነሽ፦ ዛሬ ምን?

ውድነሽ፦ ቤትዎ ነው እኮ። ለቅሶው የእርስዎ ቤት ነው። ይፍቱታ።

በላይነሽ፦ ...ድንቹ የታለ? አስመጣለሁ አልሽ አይደል?

ውድነሽ፦ ይመጣል። ኤርሚያስ ጋ ተደውሏል። የደብረ ሲና ዘመዶች አውቶቡስ ተራ ደርሰዋል።

በላይነሽ፦ ስንት ሆነው ነው የመጡት?

ውድነሽ፦ አልጠየቅሁም።

በላይነሽ፦ አይጠየቅም እንዴ! በምን ታሰናጂያለሽ?

ውድነሽ፦ ስለ ምግቡ አያስቡ። እትዬ አያልነሽም አብረው አሉ።

በላይነሽ፦ ታላቅ እህቱ? በዛ እግሯ?

ውድነሽ፦ በዛ እግራቸው። ለቀብሩ አልደረሱም። አሁን ድንኳኑ አፍ ላይ ወንድሜን እያሉ ሲገቡ ማን ሊቀበላቸው ነው? የወንድማቸው ሚስት ወገቧን አስራ ምስር ስታማስል ያግኟት? አንድ እንባ ሳትጥልለት ቀበረችው ይላሉ። አገራቸው ሄደው ይህንኑ ነው የሚያወሩት።

በላይነሽ፦ ያውሩ።

ውድነሽ፦ እርስዎ ያውሩ ይላሉ፣ ኤርሚያስስ ይስማው? ልጁ ብቻውን ነው ፍራሹ ላይ የተቀመጠው። ሰው ይገባል፣ እሱን አቅፎ ያለቅሳል፣ ከዛ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ ያያል። እሱ አሁን ትመጣለች ይላል። ከጠዋት ጀምሮ አሁን ትመጣለች እያለ ነው።

በላይነሽ፦ በላ ወይ?

ውድነሽ፦ አልበላም።

በላይነሽ፦ ምነው አትሰጡትም?

ውድነሽ፦ ሰጠነው። እማዬ ትምጣና አለ።

በላይነሽ፦ ጉልበቴ አብጧል። እይው እስቲ።

ውድነሽ፦ እኮ ይቀመጡ።

በላይነሽ፦ ከተቀመጥኩ አልነሳም።

ውድነሽ፦ ማን ይነሱ አለዎት?

በላይነሽ፦ አልገባሽም። ስቆም ነገር አውቃለሁ። የትኛው ድስት እንደሚያፈስ፣ የትኛዋ ሴት ሥራ ሲጀመር ሆዷን እንደሚያማት አውቃለሁ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የኔ በር ነበር። ካስረከብኩሽ በኋላ አንድ ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ተነፋ። ብድግ አልኩ። ለበስኩ፣ ነጠላዬን አሰርኩ። በሩ ይንኳኳል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ለካ ወዳንቺ ነው የሄዱት።

ውድነሽ፦ የእማማ አስካለ ለቅሶ ነው። ልናስቸግርዎት አልፈለግንም።

በላይነሽ፦ አጥፍታችኋል አላልኩም። አልጋው ጫፍ ላይ እንደለበስኩ ቁጭ አልኩ። ልሳነወርቅ ሕመሙ በርትቶበት ነበር፤ ዓይኑን ገልጦ "ነይ ተኚ፣ ሰብሳቢ አላቸው" አለኝ። ለኔ አዝኖ ነው ያለው። እኔ ግን ያን ጊዜ ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ። እሺ፣ ሰብሳቢ አይደለሁም፣ የልሳነወርቅ ሚስት ነኝ ብዬ እሱን ማስታመም ያዝኩ። እሱም ይኸው ሄደ። አሁን እዛ ድንኳን ገብቼ ስቀመጥ ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው?

ውድነሽ፦ በላይነሽ ሆነው።

በላይነሽ፦ እሷን አላውቃትም። ድሮ ትንሽ ልጅ ሆና ነው የማውቃት።

ውድነሽ፦ እኛ እናውቃታለን።

በላይነሽ፦ እናንተማ የምታውቁት ጩኸቴን ነው።

ውድነሽ፦ እናቴ የሞተች ቀን ትዝ ይልዎታል?

በላይነሽ፦ የእማማ ጥሩወርቅ? እንዴት ይረሳኛል። ዶፍ ዝናብ ነበር። ድንኳኑ ሁለት ጊዜ ወድቆብናል።

ውድነሽ፦ እርስዎ ድንኳኑን ነው የሚያስታውሱት። እኔ ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ቢላዋ ይዣለሁ። ነጠላዬን እንዲሁ እንደ እርስዎ አስሬያለሁ። መጡና ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱት። ነጠላዬን ከወገቤ ፈትተው አለበሱኝ። "በዚህ እድር ሐዘንተኛ ድስት አትነካም። ያንቺ ሥራ ዛሬ ማልቀስ ነው" አሉኝ።

በላይነሽ፦ ለሁሉም እንዲያ ነው የምለው።

ውድነሽ፦ ጠላሁዎት። እናቴ ሞታ ቢላዋ ትነጥቀኛለች ብዬ ተቃጠልኩ። ከዛ ወስደው አስቀመጡኝ። ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ያን ቀን ባላለቅስ ኖሮ ዛሬ ሰው አልሆንም ነበር።

በላይነሽ፦ ሽንኩርቱን ግን በደንብ አልከተፍሽውም ነበር።

ውድነሽ፦ እትዬ!

በላይነሽ፦ ወፍራም ወፍራም ነበር። እንደገና ነው ያስከተፍኩት።

ውድነሽ፦ ሳቁ! አየሁዎት፣ ሳቁ!

በላይነሽ፦ አልሳቅሁም። ጭሱ ነው።

ውድነሽ፦ እና ደንቡ ለእርስዎ አይሠራም? ራስዎ ያወጡት ደንብ?

በላይነሽ፦ እኔ ያወጣሁት ለሐዘንተኛ ነው።

ውድነሽ፦ እርስዎስ ምንድን ነዎት?

በላይነሽ፦ ልሳነወርቅ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ? "እኔ የሞትኩ ቀን አንቺ ድንኳን ልታስተክይ ትወጫለሽ፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ" ይለኝ ነበር። እንስቃለን። በዚህ ሰሞን ደግሞ እንደገና አለው። ያን ጊዜ ግን አልሳቀም። "የዛን ቀን እንኳ ቁጭ በይልኝ" አለኝ።

ውድነሽ፦ ምን አሉት?

በላይነሽ፦ ክፉ አታውራ አልኩት። ትራሱን አስተካከልኩለት።

ውድነሽ፦ ይስሙ እስቲ።

በላይነሽ፦ ምኑን?

ውድነሽ፦ መጡ። የእትዬ አያልነሽ ድምፅ ነው።

በላይነሽ፦ ወይ አያልዬ። ድምጿ አርጅቷል። በሩ ላይ የድንኳኑ ገመድ አለ፣ እንዳይጥላት!

ውድነሽ፦ ገመዱን አስነስቻለሁ።

በላይነሽ፦ መሬት መቀመጥ አትችልም እኮ እሷ።

ውድነሽ፦ መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀምጬላቸዋለሁ።

በላይነሽ፦ ውሃስ? ከመንገድ ነው የመጡት።

ውድነሽ፦ ጆጉ በሩ ጋ ነው። ክዳንም አለው።

በላይነሽ፦ ሁሉን አድርገሻል ማለት ነው።

ውድነሽ፦ አንድ ነገር ነው የቀረኝ።

በላይነሽ፦ ይሰማሻል? "ሰብሳቢ! ሰብሳቢ!" እያሉ ነው።

ውድነሽ፦ ይሰማኛል።

በላይነሽ፦ ታዲያ ምን ያቆምሻል?

ውድነሽ፦ እርስዎ አቤት ሊሉ ነው ብዬ እየጠበቅሁ ነው።

በላይነሽ፦ አንቺን ነው የሚጠሩት። አቤት በያቸው እንጂ፣ ግራ ይገባቸዋል።

ውድነሽ፦ አቤት! መጣሁ! የሟች ባለቤት እየመጡ ነው! መንገድ ልቀቁላቸው!

በላይነሽ፦ እንዲህ ጮክ ብለሽ?

ውድነሽ፦ ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ማማሰያውን ይስጡኝ።

በላይነሽ፦ እንኪ። እሳቱን ቀንሺው። ወይም ተይው፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ነጠላው አልፈታ አለኝ፣ አጥብቄ ነው ያሰርኩት። እስቲ ፍቺልኝ።

ውድነሽ፦ ቀና ይበሉ። ይኸው ተፈታ። አንገትዎን... እንዲህ። እኔን ይደገፉኝ።

በላይነሽ፦ ውድነሽ።

ውድነሽ፦ አቤት እትዬ።

በላይነሽ፦ እናትና አባቴ አገር ቤት ነው የሞቱት፣ ለአንዳቸውም አልደረስኩላቸው። ያንን ፍራሽ በስንቱ ቤት አንጥፌዋለሁ፣ አንድ ቀን ግን ተቀምጬበት አላውቅም። በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?

እህቴ፣ ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ወገቧን አስራ የምትሯሯጥ ሴት ካየሽ፣ ትሪውን ከእጇ ተቀብለሽ ለአንድ አፍታ አጠገብሽ አስቀምጫት፤ አደራ።